በካሬ 45 ሺህ ብር በጀት አይደለም

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተወልደን ያደግነው ቀበና ነው። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የቀረልን 160 ካሬ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ጭቃ ቤት ነው፤ እናታችን አሁንም እዚያው ናት። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ ካናዳ ነው፣ እኔና ታናሼ እዚሁ ነን። ቤቱን አፍርሰን ጂ+3 ልንሠራ ተስማምተናል፤ ምድሩ ለእናታችን፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ወለሎች ለየአንዳንዳችን። አንድ ኮንትራክተር አይቶት “በካሬ 45 ሺህ ብር እስከ ቁልፍ እጨርስላችኋለሁ” አለን። አንዱ ወለል 90 ካሬ ስለሆነ በጠቅላላው 360 ካሬ፣ 16 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይመጣል። እጃችን ላይ 11 ሚሊዮን አለ። ቀሪውን ወንድሜ “ሥራው እየሄደ እልካለሁ” ይላል። እንጀምር ወይስ እንቆይ? ደግሞ የድሮው ቤት ቆርቆሮና እንጨት ይጠቅመናል ወይስ እንሽጠው?»
የቀበናዋ

የቀበናዋ እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በውርስ ቦታ ላይ ሳይካሰሱ የተስማሙ ወንድምና እህት በዚህ ከተማ ብርቅ ናቸው። በሁለተኛው ግን ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ጽፈሽ ደብዳቤው ውስጥ ያለው የወጪ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። 45 ሺህ። ሌላው ሁሉ ከሱ ተባዝቶ የወጣ ነው።

አትጀምሩ። ገና ናችሁ። ቤቱን አትሥሩት ማለቴ አይደለም፤ እስካሁን በእጃችሁ ያለው በጀት ሳይሆን አንድ ሰው በአፉ የተናገረው ዋጋ ነው።

እስቲ ያንን ካሬ እንመርምረው። ሰውየውን ደውለሽ እነዚህን ጠይቂው። በረንዳው በካሬ ይቆጠራል? ደረጃውስ? አጥር፣ የግቢ በር፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የውሃ ታንከርና ፓምፕ ውስጥ አሉ? ጭቃ ቤቱን ማፍረስና ፍርስራሹን አውጥቶ መድፋት የማን ነው? መብራት ኃይል ለአዲስ ቆጣሪዎች የሚጠይቀውስ? ቫት አለው ወይስ ከቫት ውጭ ነው? ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከቫት ውጭ ከሆነ በ16 ሚሊዮን 200 ሺህ ላይ 15 በመቶው 2 ሚሊዮን 430 ሺህ ብር ነው። በአንዲት ጥያቄ 18 ሚሊዮን 630 ሺህ ገባሽ ማለት ነው።

«እስከ ቁልፍ» የሚለውም ቃል ያሳስበኛል። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ጂ+1 ሳሠራ ውሌ ላይ «የእንጨት በር ይገጠማል» ይላል። ተገጠመ። የመታጠቢያ ቤቱ በር የመጀመሪያውን ክረምት አልጨረሰም፣ እንፋሎቱ ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ አበጠ። ሰውየውን ስጠይቀው «ጋሼ፣ በር ነው የተባለው፣ በር ገጠምኩ» አለኝ። ልክ ነበር። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፤ ምን ዓይነት በር እንደሆነ አላስጻፍኩም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ሴራሚክ» የሚል ቃል ካየሽ መጠኑ፣ ዓይነቱና በካሬ ስንት ብር የሚገዛ እንደሆነ ካልተጻፈ ምንም እንዳልተጻፈ ቁጠሪው።

ሌላው ነገር 45 ሺህ የዛሬ ዋጋ ነው። እናንተ ግን ዛሬ አይደለም የምትገዙት፤ ምናልባት በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሻለሽ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያን ሰሞን ስትራክቸር (የቤቱን አጽም) ጨርሰው ፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ ሥራ) ሊገቡ የነበሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ በካሬ የተዋዋሉት ኮንትራክተር ስልክ ማንሳት አቆመ። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ኬብሉን፣ የመጸዳጃ ዕቃውን፣ የአልሙኒየም ፕሮፋይሉን፣ መስታወቱን በዚያ ዋጋ ማቅረብ አልቻለም። ቤታቸው ግን እስከ ዛሬ ፌሮው ወደ ላይ ቆሞ ዝጎ፣ ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ ሣር በቅሎበት ይታያል።

እንግዲህ የኔ ምክር አንድ ነው። ብር አትቁጠሪ፣ ዕቃ ቁጠሪ። የብሩ ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። ቤትሽ የሚበላው ሲሚንቶ ግን ዶላር ወጣም ወረደም ያው ነው። በጀትሽ በኩንታል፣ በኪሎ፣ በሜትር ኩብ፣ በቁጥር ይጻፍ። የብሩ ዓምድ ጎኑ ላይ ይሁን፣ በእርሳስ።

አንዷን ሶሌታ ላሳይሽ። 90 ካሬ ነው፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ይሁን። 13 ሜትር ኩብ ተኩል አርማታ ነው። ቢሞቹን (ሶሌታውን የሚሸከሙትን አግዳሚዎች) ስትጨምሪ በግርድፉ 20 ሜትር ኩብ በይው፤ ትክክለኛውን ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ያወጣልሻል፣ በተለይ ብሎኬት የሚገባበት ሶሌታ ከመረጠ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሲ-25 ለሚባለው አርማታ እኛ አገር የተለመደው ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው። 20 ሲባዛ በ360፣ 7,200 ኪሎ። 72 ኩንታል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 144። እንዲህ ዓይነት ሶሌታ ሦስት አለሽ፣ ጣሪያውንም ሶሌታ ካደረጋችሁት አራት። 576 ከረጢት።

አሁን ነገ ጠዋት ሰው መጥቶ «ሲሚንቶ በከረጢት 200 ብር ጨመረ» ቢልሽ አትደነግጪም። 576 በ200፣ ለሶሌታዎቹ 115,200 ብር ነው፤ አለቀ። ከየት እንደምታመጪው ታስቢያለሽ። በካሬ የተዋዋለ ሰው ግን ያኔ ኮንትራክተሩ «ሲሚንቶ ጨምሯል፣ ካሬው 52 ሺህ ሆኗል» ሲለው የሚመልሰው የለውም፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው ከካሬው ውስጥ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ይህን ዝርዝር የሚያወጣልሽ ቢኦኪው የሚባለው ሰነድ ነው። ዲዛይኑን የሚሠራው ቢሮ ያዘጋጀዋል። ብዙ ሰው ፈቃድ ለማውጣት ብቻ ያሠራውና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አንቺ አትክተቺው። ከኮንትራክተሩ ሌላ የሆነ ባለሙያ ከፍለሽ አንድ ጊዜ ይፈትሽልሽ፤ ለሱ የምትከፍይው ከሚያድንሽ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከዚያ ያንኑ ባዶ ዝርዝር ለሦስት ኮንትራክተር ስጪ፣ ዋጋ ይሙሉበት። ያኔ ብቻ ነው ዋጋ ማወዳደር የሚቻለው። ሦስት የተለያየ «በካሬ» ይዞ ማወዳደር ሙዝና ሽንኩርት በኪሎ እንደማወዳደር ነው።

ስለ ፌሮ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተበልቷል። ፌሮ በቤርጋ (በዘንግ) ይሸጣል፣ በኪሎም ይሸጣል። አንዱ ቤርጋ ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። የአንድ ሜትሩን ክብደት ለማወቅ የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስደሽ በራሱ ታባዢውና ለ162 ታካፍይዋለሽ። ባለ 12ቱን እንይ። 12 በ12፣ 144። ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ገደማ። በ12 ሜትር 10 ኪሎ ከ700 ግራም አካባቢ ይሆናል። አሁን ተክለሃይማኖት ወይም መርካቶ ሄደሽ «ባለ 12» ብለው የሚሰጡሽን አንዱን ቤርጋ ሚዛን ላይ አስወጪው። 9 ኪሎ ከመጣ በእጅሽ ያለው ባለ 11 ነው። በቤርጋ ከገዛሽ ገንዘብሽ ተበላ። በኪሎ ከገዛሽ ገንዘብሽ አልተበላም፣ ግን ኢንጂነሩ ያሰበው ብረት ኮለኑ (ምሰሶው) ውስጥ የለም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ነው። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፣ ፋብሪካም አይሳሳትም አልልም፣ አንድ ኪሎ ከግማሽ ግን ስህተት አይደለም።

አሸዋም እንደዚሁ። ሾፌሩ «16 ሜትር ኩብ ነው» ይልሻል። ሜትር ይዘሽ ሳጥኑን በውስጥ በኩል ለኪ። እኔ አንዴ ስለካ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ30፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ20 ወጣ። አባዢው፣ 14 ሜትር ኩብ ከምናምን ነው። በአንድ ቢያጆ (የመኪና ጭነት) ሁለት ሜትር ኩብ ሊጠጋ ሄደ። ሾፌሩ ሳቀና «ጋሼ፣ ክምሩን አልቆጠሩትም» አለኝ። ክምሩ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሁን ከካሬው ውጭ ወዳሉት ልሂድ። ኮንትራክተሩ አያነሳቸውም፣ የሱ ጉዳይ ስላልሆኑ።

መጀመሪያ ካርታው። በማን ስም ነው? በአባታችሁ ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የስም ዝውውር፣ የወንድምሽ ውክልና ከኤምባሲ፣ ይኼ ሁሉ ጊዜም ገንዘብም ነው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ፣ እንደሆነ ነግረሽኛል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ስለዚህ መሐል ላይ «የኔን ድርሻ ለባልደረባዬ ልሽጠው» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም አንድ አልሚ መጥቶ «ቦታ ከናንተ፣ ግንባታ ከኔ» ካለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ሌላም አለ። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የሚናገረው አምስትና ከዚያ በላይ ክፍሎች ለየብቻ በባለቤትነት ስለተያዙበት ሕንፃ ነው። እናንተ አራት ናችሁ። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ካርታ ይኖረናል ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ይኼንንም እዚያው ጠበቃው ጋ አንሺው።

ሁለተኛ የፕላን ስምምነት። ዲዛይን ከማሠራትሽ በፊት ክፍለ ከተማ ሄደሽ ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ጠይቂ። መሐል ከተማ ናችሁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንችስ የሆነውን አይተሻል፤ መንገዱ፣ ወንዙ፣ የሰፈሩ ፕላን ምን እንደሚል ሳይታወቅ አንድ ብር አይወጣም። ቀበና ስትይኝ ደግሞ ወንዙ ትዝ አለኝ። ከወንዙ ምን ያህል ትርቃላችሁ? የሚፈቀደው ከፍታም ከጂ+3 በላይ ወይም በታች ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲለወጥ በጀቱ ከሥሩ ይለወጣል። ከፍታ ካነሳን በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ከፍተኛው በሆነው ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። አራት ወለል በሦስት ሦስት ሜትር 12 ነው። ወለሉን ከመሬት ትንሽ ከፍ ስታደርጉትና የጣሪያውን ጋርድ ስትጨምሩ አለፋችሁ። ምድቡ ሲቀየር የዲዛይን ቢሮው፣ የተቆጣጣሪውና የኮንትራክተሩ ደረጃም አብሮ ከፍ ይላል፣ ዋጋቸውም። አርክቴክቱን መጀመሪያ የምትጠይቂው ይኼንን ይሁን፣ አሁን የሚሠራበት ሕግ የቱ እንደሆነም ጭምር።

ሦስተኛ መሬቱ። የአፈር ምርመራ አስደርጉ። «የጎረቤት ፋውንዴሽን አይተናል፣ ሁለት ሜትር በቂ ነው» የሚል ሰው ይመጣል፤ አትስሚው። ቀበና ቁልቁለት ነው። በአንዱ ጥግ አለት፣ በሌላው ጥግ ለስላሳ አፈር ማግኘት ያለ ነገር ነው። ጎረቤቶቻችሁም ጭቃ ቤት ከሆኑ ቁፋሮው ግድግዳቸው ሥር ነው የሚገባው። ድጋፍ ማቆም፣ በየተራ በየተራ መቆፈር፣ ከመቆፈርሽ በፊት የግድግዳቸውን ስንጥቅ ከባለቤቶቹ ጋር ሆኖ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ፎቶው ነፃ ነው። ባይኖር ግን ድሮ የነበረ ስንጥቅ ሁሉ ያንቺ ይሆናል።

አራተኛ ቅያሱ። ሲኖ ትራክ ደጃፋችሁ ድረስ ይገባል? ደብዳቤሽ ላይ የለም። የቀበና ቅያሶችን ስለማውቃቸው ግን እጠረጥራለሁ። ካልገባ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ብሎኬቱ አስፋልት ዳር ተራግፎ በሰው ሸክም ነው የሚገባው። መሐል ከተማ ከባድ መኪና ቀን እንደልቡ ስለማይገባ ማራገፉ ማታ ነው፤ ማታ ሠራተኛ፣ ማታ ጥበቃ፣ ጠዋት ደግሞ መንገዱን ዘጋችሁ ብሎ የሚመጣ ደንብ አስከባሪ። 160 ካሬ ላይ 90 ካሬ ቤት ስታቆሙ ማስቀመጫ ቦታ አይተርፋችሁም። ስለዚህ ዕቃ በብዛት ገዝቶ ማከማቸት የሚባለው ምክር ለናንተ አይሠራም፤ በትንሽ በትንሹ ትገዛላችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ደግሞ ይወደድባችኋል። በአንድ ካሬ ግድግዳ 13 ብሎኬት አካባቢ ይገባል፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ከሁለት ጊዜ መነሳት የሚሰበረውንም ቁጠሪበት።

አምስተኛዋ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ናት። እናታችሁ የት ሊከርሙ ነው?

አልጻፍሽም። ምናልባት «ከኛ ጋር ትሆናለች» ብላችሁ ይሆናል። ልጅ ቤት ሁለት ወር ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ሌላ ነገር ነው። እሳቸው እድራቸው እዚያ ነው፣ ቡና የሚጠጣጡት እዚያ ነው፣ ለቅሶ ቢኖር መንገዱን ተሻግረው የሚደርሱት እዚያ ነው። ቀበና ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩላቸውና ኪራዩን ለ24 ወር አባዝታችሁ በጀቱ ላይ በትልቁ ጻፉት። ኮንትራክተሩ «በ10 ወር» ብሎ ከሆነ አሁንም 24 ይሁን። ቢተርፍ በደስታ እንዲበሉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 11 ሚሊዮን አለ፣ ቀሪው «ሥራው እየሄደ»። ወንድምሽ ውሸታም ነው አላልኩም። ካናዳ ያለ ሰው ግን ሥራው ሊቆም፣ የቤት ኪራዩ ሊጨምር፣ ልጅ ሊወለድለት ይችላል። የሱን ቃል በጀት ላይ እንደ ገንዘብ አትጻፊው።

እኔ እናንተን ብሆን ሁለት ኪስ ነበር የማዘጋጀው። አንዱ የጋራ ነው። ማፍረሱ፣ ዲዛይኑ፣ ፈቃዱ፣ ፋውንዴሽኑ፣ ኮለኑ፣ ሶሌታው፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ የውሃና የፍሳሽ ዋና መስመሩ፣ የመብራት ዋና መስመሩ፣ ሴፕቲኩ፣ የእናታችሁ ኪራይ። ሁለተኛው የየግል ኪስ ነው፤ ከራስ በር ወደ ውስጥ ያለው በሙሉ። የውስጥ ልስን፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ ኪችን ካቢኔት፣ ቀለም፣ የመታጠቢያ ዕቃ። 11ዱ ሚሊዮን ለጋራው ኪስና ምድር ላይ ላለው የእናታችሁ ቤት ፊኒሺንግ ይዋል። ከላይ ያሉት ሦስቱ ወለሎች በብሎኬት ተዘግተው ይቆዩ። አንቺ ሴራሚክሽን ዛሬ፣ ታናሽሽ በሚቀጥለው ዓመት በእቁብ፣ ወንድምሽ ሲመጣ ግራናይት ይግጠም፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ቤተሰብ ሲጣላ ያየሁት በፋውንዴሽን ምክንያት አይደለም። በኪችን ካቢኔት ነው።

ይኼ ስምምነት በቃል አይቅር። ምን የጋራ ምን የግል እንደሆነ፣ የማን ወለል የትኛው እንደሆነ ጽፋችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ፈርሙ። ወንድማማች ነን ማለት ደግ ነው፣ የወንድም ሚስትና የእህት ባል ግን ስምምነቱ ላይ አልነበሩም።

የወንድምሽ ገንዘብ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። እሱ የሚያገኘው በውጭ ገንዘብ ነው። ከዶላር ጋር አብሮ የሚወደደው ደግሞ ፊኒሺንጉ ነው፤ ኬብሉ፣ ቧንቧው፣ መስታወቱ። ስለዚህ ብራችሁ አስቀድሞ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶና የእጅ ዋጋ ላይ ይውጣ፣ የሱ ገንዘብ እዚያው በራሱ አካውንት ተቀምጦ ለኋላው ይቆይ። ብር ቢዳከም እንኳ የሱ ገንዘብ ዕቃውን ይከተለዋል። አሁን በመጀመሪያው ወር 20 ሺህ ዶላር ልኮ ወደ ብር ቀይራችሁ ብታስቀምጡት ግን በዓመቱ የሚገዛው ዕቃ ያንሳል። ፌሮ መሐል ላይ ነው፤ እዚህ ይመረታል፣ ጥሬ ብረቱ ግን ከውጭ ነው የሚገባው። ቦታ ካገኘሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ብትገዢው የምመክርሽ ፌሮውን ነው። ሲሚንቶን ግን አታከማቺ፤ ሦስት ወር በክረምት ያደረ ሲሚንቶ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይጓጉላል።

ጊዜውንም እይ። ቁፋሮና ፋውንዴሽን በጥቅምትና በኅዳር ቢጀመር መልካም ነው። በሰኔ የቆፈረ ሰው ለውሃ መምጠጫ ፓምፕና ለተናደ አፈር ነው የሚከፍለው። ሶሌታ በተሞላ ማግስት ደግሞ ውሃ መጠጣት አለበት፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኼ በቦቴ ይገዛል። ብዙ ሰው ይኼን ወጪ ሲያይ ውሃውን ይቆጥባል፤ ከዚያ ሶሌታው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲያይ ሲሚንቶውን ይረግማል።

አከፋፈሉን በአጭሩ። የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋውለሽ ዕቃውን ራስሽ ብታቀርቢ ይረክሳል፣ ግን ሳይት ላይ የሚውል የራስሽ ሰው ያስፈልጋል፤ ታናሽሽ ሥራ ካልያዘ እሱ ይሁን፣ ደሞዝም ክፈሉት፣ በወንድምነት ብቻ ማንም ሁለት ዓመት ሲሚንቶ አይቆጥርም። ዕቃውን ኮንትራክተሩ ካቀረበ ደግሞ በደረጃ ክፈሉ፤ ፋውንዴሽን አልቆ ተለክቶ፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ተሞልቶ፣ እንዲያ እያለ። ቅድሚያ ክፍያ ከፈለገ የባንክ ዋስትና ያምጣ። «በመተማመን ነው የምንሠራው» ካለ በመተማመን ሌላ ፈልጉ። ከሁሉም ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ፣ መኖሩንም ለሱ አትንገሩት።

መጀመሪያ ካርታውንና የፕላን ስምምነቱን ጨርሺ። ያ እስኪያልቅ ቤቱ አይፍረስ፤ ፈርሶ ፈቃድ ሲጠበቅ ሁለት ክረምት ያለፈበት ቦታ ብዙ አለ፣ እናታችሁም በከንቱ ይንከራተታሉ።

ስለ ቆርቆሮና እንጨቱ የጠየቅሽው። ቆራሌው መጥቶ ጠቅላላውን በአንድ ዋጋ ልውሰድ ይልሻል፣ እሺ አትበይ። ቆርቆሮው ዝጎም ቢሆን ለሳይቱ አጥርና ለሲሚንቶ መጋዘኑ ጣሪያ ይሆናል፣ ያንን በአዲስ ብትገዢው ያስወጣሻል። ግድግዳው ውስጥ ያለው የቆየ ጽድ ከሆነና ምስጥ ካልበላው ሳይፈለጥ ለይታችሁ አውጡት፤ ጥሩ ዋጋ አለው፣ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። ባሕር ዛፉን ለፑንቴሎ (አርማታው እስኪደርቅ ከሥር ለሚደግፈው እንጨት) እንጠቀምበት ካሉሽ ግን እምቢ በይ፣ ያረጀ እንጨት ላይ 20 ሜትር ኩብ እርጥብ አርማታ አይጫንም። የድሮዎቹ በሮችና መስኮቶች አልጻፍሽልኝም። ወፍራም ጣውላ ከሆኑ አንዱን በር ለእናታችሁ ቤት አስቀምጡት፤ አናጺ አጽድቶ ቫርኒሽ ቢቀባው እኔ ከገጠምኩት የመታጠቢያ ቤት በር በብዙ ይሻላል።